ሱፍ ነው ብያለሁ

ሰኔ 16

ዛሬ ዘራሁ። ይኸው ጻፍኩት፤ ማንም አይክደኝም።

ነገሩ የተጀመረው በሁዳዴ ነው። ሰንበቴ ላይ የሱፍ ወሬ ተነሣና እኔ ከዓለም ከተማ የመጣሁት ምራት አፌን ከፈትኩ። «ሱፍ እኮ እዚህም ይበቅላል፤ የሞከረው ሰው ስለሌለ ነው» አልኩ። የአጥር ጎረቤታችን አፈወርቅ እስኪያስለው ሳቀ። «መምህርት፣ እዚህ እኮ ገብሱም የሚበቅለው እየተንቀጠቀጠ ነው» አለኝ። አማቴ እማማ አልጣሽ ግን አልሳቁም። እሳቸው የማይስቁት ሲያፍሩብኝ ነው። ይኼኔ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ «ለገና ጾም በገዛ እጄ የዘራሁትን ሱፍ አጠጣችኋለሁ!» ብዬ በሰው ፊት ቃል ገባሁ። ምን አስቸኮለኝ?

እናቴ ከዓለም ከተማ በአውቶቡስ አንድ ከረጢት ዘር ላከችልኝ። ባለቤቴ ትዕዛዙ ደግሞ ከጓሳው፣ መንደሩ በጋራ ከሚጠብቀው የሣር መሬት፣ ድንበር ሥር ያለችውን ቁራጭ መሬት ሰጠኝ። «ገብስ ዘርተንባትም ብዙ አልሰጠችን፤ ብትበላሽም አታስቆጭም» አለ። እንዲህ ተብሎ መሬት ይሰጣል?

ዘሩን በሰፌድ አንፍሼ ግርዱን በድንበሩ የድንጋይ ካብ ላይ አሻግሬ ለወፍ ደፋሁት። ነጭም ጥቁርም ዘር ነበረበት። ጥቁሩ ያብረቀርቃል፤ ምርጥ ዘር ሳይሆን አይቀርም። እማማ መጡና ከሰፌዱ ላይ ነጭ ነጩን ለቀም ለቀም አድርገው፣ «ይኼን ለዶሮዎቼ ልውሰድ» አሉ። እፍኝ ሙሉ! እናቴ የላከችውን ለዶሮ! ዝም አልኩ። እዚህ ቤት ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ዝም ማለትን በደንብ ተምሬአለሁ።

ሰኔ 30

በቀለ! በቀለ! በቀለ!

ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ቀኑን ሙሉ ማሳዬ ላይ ነኝ። ትዕዛዙ «ከእኔ ይልቅ እሱን ነው የምታዪው» ይላል። እውነቱን ነው።

ሐምሌ 9

ዛሬ አረምኩ። የበቀለው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ደቃቃ፣ ቅጠሉ ጠባብ፣ ብርድ የመታው የሚመስል። ሁለተኛው ደንዳና፣ ቅጠሉን መሬት ላይ ዘርግቶ እንደ ጌታ የተቀመጠ። ደካማውን ነቅዬ ጠንካራውን አስቀረሁ። ሳይንስ ነው፤ ለስድስተኛ ክፍል ራሴ አስተምሬዋለሁ።

እማማ አልጣሽ እንዝርታቸውን እያሾሩ መጥተው ከማሳው ዳር ቆሙ። የነቀልኩትን ክምር አዩ።

«ይኼን ነው የነቀልሽው?»

«አዎ እማማ፤ ደካማው ነው።»

«ያንን ነው ያስቀረሽው?»

«አዎ።»

«በጀ» አሉና ሄዱ። ምን ማለታቸው ነው? አንድ ቀን እንኳ «ጎበዝ» ቢሉኝ ምን ይጎድልባቸዋል?

አፈወርቅም በካቡ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ «መምህርት፣ ጎመን ነው?» አለኝ። ሱፍ ነው አልኩት። «እሺ፣ ሱፍ ካልሽ» አለ። ሱፍ ካልሽ ማለት ምን ማለት ነው?

ሐምሌ 21

ቅጠሎቹ ላይ ነጭ ነጭ መስመር ወጥቷል። ብርዱ ይሆናል። እኔም እዚህ ከመጣሁ ወዲህ መልኬ ነጣ ብሏል ይላሉ። እሾሁም በርትቷል፤ የትዕዛዙን ሱሪ ቀደደው። ሱፍ እሾህ እንዳለው ማንም ያውቃል።

ነሐሴ 4

ዝናቡ ሌላ ነገር አያሠራም፤ እጽፋለሁ።

የእማማ ቤት ያፈሳል። ዛሬ ጠዋት ስገባ ሦስት ጣሳና አንድ ሳህን ደርድረው በመካከሉ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። «ወደ እኛ ቤት ይምጡ» ብላቸው፣ «አባትሽ የሞተበትን ቤት ለዝናብ ትቼ?» አሉኝ። አባትሽ የሚሉት የትዕዛዙን አባት ነው። እኔ አላወቅኋቸውም።

እንደ እድል ሆኖ ዘንድሮ ጓሳው ይከፈታል። አራት ዓመት ተዘግቶ ሣሩ የሰው ወገብ ደርሷል። አዝመራ ከገባ በኋላ መንደሩ በሙሉ ማጭድ ይዞ ገብቶ የጣራውን ክዳን ያጭዳል። የጓሳው ዳኛ አቶ ተክለጻድቅ ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሕጉን አስታውሰውናል፤ ጓሳውን የነካ፣ በስውር ከብት የለቀቀ ወይ ያበላሸ ሰው ያን ዓመት ለጣራው አንድ እስር ሣር አያገኝም። የሚቆጠረው በጣራ ነው። የእኛ ቤት አንድ፣ የእማማ ቤት አንድ።

ሌላም ያየሁት ነገር አለ። እማማ አመድ በቁና ይዘው ከበጎቹ ጋጣ ጀርባ ይሄዳሉ። ትናንትም ሄደዋል። ከዚያ ሲመለሱ ካዩኝ ቁናውን በነጠላቸው ይሸፍኑታል። በእኔ ላይ የሚያሠሩት ነገር ይኖር ይሆን? እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ በፍልሰታ ምን ዓይነት ሐሳብ ነው የማስበው።

ነሐሴ 13

ከወረዳ የግብርና ባለሙያው ምንይሉ መጣ። መጤ አረም በአካባቢው ታይቷልና ኮሚቴ ይቋቋም አለ። ሰብሳቢ አቶ ተክለጻድቅ። ጸሐፊ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። መምህር መሆን ጣጣ ነው።

ምንይሉ አረሙን በስልኩ አሳየን። «መጤው ኮሸሽላ» ነው የሚለው። የእኛ አገር ኮሸሽላ አይደለም፤ ከውጭ ከእህል ዘር ጋር የገባ ነው። ካበበ በኋላ ዘሩ እንደ ጥጥ ተበትኖ በነፋስ ይሄዳል፤ ግጦሽ ውስጥ ከገባ በግ አያስጠጋም። አቶ ተክለጻድቅ «ጓሳው ውስጥ ቢገባስ?» አሉ። ምንይሉ «እሱን አያምጣው» አለ። ሁሉም አማተበ።

ፎቶው ጥርት ያለ አይደለም። ቅጠሉ ላይ ነጭ መስመር ያለ ይመስላል። ነጭ መስመር ያለው ነገር ብዙ ነው፤ የአፈወርቅ ጥቁር በግም አላት።

ምንይሉ ሲጨርስ፣ «የሚገርማችሁ ሱፍና ኮሸሽላ የአንድ ቤተሰብ ናቸው» አለ። ዘመድ መሆናቸውን ስሰማ ቀለል አለኝ። ዘመድ ከዘመዱ ቢመሳሰል ምን ይደንቃል?

በቃለ ጉባኤው ላይ «በመንደራችን አረሙ አልታየም» ብዬ ጻፍኩ። እማማ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

ነሐሴ 22

የኮሚቴው አሰሳ። ሠላሳ አንድ ማሳ አየን። የእኔን ራሴ አየሁት። ንጹሕ። ዝናብ። እግሬ ቆስሏል። እሾህ ነው። የሱፍ እሾህ።

ጳጉሜን 3

የሩፋኤልን ጠበል ተጠምቀን ስንመለስ ኮረብታው ላይ ኔትወርክ አገኘሁና እናቴን ደወልኩላት። ስለ ሱፉ ልነግራት አልነበረም፤ እንዲያው ለሰላምታ ነው።

«ሱፍሽ እንዴት ነው?» አለች ገና አሎ ሳልላት።

«አድጓል እማዬ። ትከሻዬ ደርሷል።»

«ትከሻሽ? ሱፍ?»

«ቅጠሉ ላይ ትንሽ ነጭ መስመር አለው።»

«ምን ነጭ? ወተት ደፋሽበት?»

ከዚያ ስለ ጥቁሩ ዘር ጠየቅኋት። «እኔ ጥቁር ሱፍ አላክሁም! ሱፍ ነጭ ነው። ከረጢቱን ከወፍጮ ቤት ነው ያገኘሁት፤ የየት አገር እህል እንደያዘ እኔ ምን አውቃለሁ! አንቺ ልጅ፣ ሱፍ የምታውቂው ኩባያ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ረሳሁት እኮ!»

መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። የሰማሁትን ሁሉ በትክክል ሰምቻለሁ ማለት አይቻልም።

መስከረም 19

ትምህርት ተጀምሯል። 64 ተማሪ። ሰዓት የለኝም። እንቡጥ አውጥቷል። ዙሪያውን ጦር የያዘ ዘበኛ የቆመለት ይመስል እሾህ ብቻ ነው።

መስከረም 28

አበባው ፈነዳ።

ሐምራዊ ነው።

ሱፍ ሲያብብ ብጫ ነው፤ እየቆየ ይቀላል። ይኼን እኔም አውቃለሁ። እናቴ ሳትነግረኝም አውቃለሁ። አሁን እንግዲህ አውቃለሁ።

ማጭድ ይዤ ወጣሁ። ንቦቹ ሞልተውበታል፤ ጽጌ ገብቶ ሜዳው በሙሉ አበባ ነው፤ የእኔው ግን ከሁሉም ያምራል። በሕይወቴ ራሴ ዘርቼ ያበቀልኩት የመጀመሪያ ነገር ነው። ማጭዴን ይዤ ተመለስኩ። ነገ አጭደዋለሁ። ከነገ ወዲያ ግን አያልፍም።

ጥቅምት 6

አላጨድኩም። ፈተና ነበር፣ እርማት ነበር፣ ብርድ ነበር። ምክንያት ሞልቶኛል።

ዛሬ የጓሳው ጠባቂ ከድንበሩ ካብ ወዲያ ማዶ፣ ጓሳው ውስጥ፣ ሦስት መጤ ኮሸሽላ አገኘ። ሦስቱም አብበዋል። ካቡ የትኛው እንደሆነ መጻፍ አልፈልግም። ግርዱን ለወፍ የደፋሁበት ነው።

አቶ ተክለጻድቅ ሦስቱን ነቅለው አቃጠሉ፤ «እናቱ የት እንዳለች ሳይታወቅ ልጆቹን ብናቃጥል ምን ዋጋ አለው» አሉ። በሚቀጥለው እሑድ አውጫጭኝ ተጠርቷል። ነገሩ እስኪወጣ ድረስ የመንደሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ይውላል፤ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም።

ትዕዛዙ እራት ላይ፣ «ጥፋተኛው ካልተገኘ ማናችንም ሣሩ ውስጥ ላንገባ እንችላለን እያሉ ነው» አለኝ። «የእማዬ ጣራ ሌላ ክረምት አይችልም።» ከዚያ አተኩሮ አየኝ። እሱም ያውቃል ማለት ነው? ሱሪውን እኮ የቀደደው ያው እሾህ ነው። ሁሉም እያወቀ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቅ መስዬ የምዞረው?

ጥቅምት 9

ሲነጋ ማጭድ ይዤ ማሳዬ ወረድኩ። ቆርጬ ተነሥቼ ነበር።

እያንዳንዱ አበባ በጨርቅ ታስሯል። ከስልሳ የሚበልጥ አበባ፣ ከስልሳ በላይ ቁራጭ ጨርቅ፣ አንገቱ ላይ በበግ ጠጉር ክር ጥብቅ ተደርጎ። ከውስጡ ጥጡ መውጣት ጀምሯል፤ ግን አንዲት እንኳ አልበረረችም። ማን እንዳሰረው አላውቅም። ጨርቁ የእማማን አሮጌ ነጠላ ይመስላል፤ ጥለቱ አረንጓዴ ነው። ክሩም ከእንዝርት የወጣ ነው።

ተቀምጬ አለቀስኩ። ጨርቁን ሳልፈታ በሙሉ አጭጄ እዚያው አቃጠልኩት። እጄ ተቦጫጭሯል። ጭሱን ማንም እንዳላየው ተስፋ አደርጋለሁ። አይ፤ ተስፋ አላደርግም። ምን እንደምፈልግ እኔም አላውቅም።

ጥቅምት 12

የሆነውን በቅደም ተከተሉ ልጻፈው፤ ቃለ ጉባኤው ላይ የማይገባው ብዙ ነውና።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ተቀመጥን። አቶ ተክለጻድቅና ሁለት ሽማግሌዎች ከጽድ ዛፉ ሥር ሆኑ። ሰው አንድ በአንድ እየሄደ የሚያውቀውን በጆሮ ይነግራቸዋል። ሽማግሌዎቹ የነገራቸውን ሰው ስም አይጠሩም፤ «ወፍ ነገረችን» ነው የሚሉት። ወፏ ማን ናት ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። እኔ አሥር እርምጃ ራቅ ብዬ ድንጋይ ላይ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። «የጥፋተኛው ስም፦» ብዬ ጽፌ ባዶ ቦታ ትቼለታለሁ። ቦታውን ሰፋ አድርጌዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

የእኔ ተራ ደረሰ። ሄድኩ። አጎነበስኩ። «ምንም አላውቅም» አልኩ። ከአፌ የወጣው ይኼ ነው። አሁን ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል።

ቀጥሎ እማማ አልጣሽ ሄዱ። ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ በአጠገቤ አለፉ፤ አላዩኝም።

ሰው ሁሉ ሲያበቃ አቶ ተክለጻድቅ ተነሡ። «ወፍ ነግራናለች» አሉ። «ያለችን ‹አረሙን የዘራሁት እኔ ነኝ› ነው።»

ሰው ሁሉ አንገቱን ቀና አደረገ፤ እሳቸው ቀጠሉ።

«በዕድሜዬ ስንት አውጫጭኝ ተቀምጫለሁ። ወፍ በሰው ላይ ስትናገር እንጂ በራሷ ላይ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ወፍ አትገለጥም፤ ጥፋተኛ ግን መገለጥ አለበት። እንዴት እናድርግ እናንተ?»

«አትቸገር፣ ተክለጻድቅ» አሉ እማማ ካሉበት ተነሥተው። «እኔ ነኝ። ለዶሮዎቼ ብዬ ዘርቼው ነው። የእኔን ጣራ ከልክሉኝ። የልጆቹን ጣራ አትንኩ።»

እንዴት እንደተነሣሁ አላስታውስም። «ይዋሻሉ!» ብዬ ጮኽኩ።

አማቷን በአደባባይ «ይዋሻሉ» ያለች ምራት እዚህ አገር ከእኔ በፊት የነበረች አይመስለኝም። ሰዉ በአረሙ ካጉረመረመው ይልቅ በዚህ አጉረመረመ። እኔ ግን አንዴ አፌ ተከፍቷል። ጥቁሩን ዘር፣ ግርዱን፣ ደካማውን ነቅዬ ደንዳናውን ማስቀረቴን፣ ፎቶውን፣ የእናቴን ስልክ፣ ሐምራዊውን አበባ፣ ሁሉን ዘረገፍኩት። «አሁንም እዚህ ጆሯችሁ ላይ ምንም አላውቅም ብዬ ዋሽቻችኋለሁ» አልኩ። «አበባውን ጥጡ እንዳይበር በነጠላቸው ያሰሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ያደረግሁት መፍራት ብቻ ነው።»

«እኔማ ጎመን ነው ብዬ ነበር» አለ አፈወርቅ።

እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ዝም በይ አንቺ!» አሉኝ በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታቸው እስከ ወንዙ ይሰማል። «እኔ ከዚህ በኋላ ስንት ክረምት ልኖር ነው? አንቺ ገና ልጅ የምታሳድጊበት ቤት ነው!»

«ካወቅሽ ለምን በሐምሌ አልነገርሻትም?» ብለው ጠየቋቸው አቶ ተክለጻድቅ።

«ማሳው ዳር ቁጭ ብላ ስትዘፍንለት አየኋት» አሉ እማማ። «ወደዚህ ቤት ከመጣች ስትዘፍን ሰምቻት አላውቅም። አፌ እምቢ አለኝ። በኋላ ደግሞ ራሷ ትደርስበታለች ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ፣ ይቺ ልጅ ቀለም ታውቃለች እንጂ ዓይኗ አያይም!»

ሳቅ ሆነ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ።

ሽማግሌዎቹ ተማክረው ፈረዱ። ራሴ ስለተናገርኩ፣ ዘሩም ስላልበረረ፣ ሣር አልከለከልም፤ ግን መንደሩ በሙሉ አጭዶ ሲጨርስ የመጨረሻዋ ገቢ እኔ ነኝ፤ የቀረውን አጭዳለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ክረምት በወጣ ቁጥር የጓሳውን ድንበር በእግሬ ዞሬ አረሙን እፈልጋለሁ። አንዲት ብታብብ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። እማማ አልጣሽ ደግሞ ለሽማግሌ ሐሰት ስለተናገሩ አብረውኝ ይዞራሉ።

«ጉልበቴን ያመኛል እኮ» አሉ እማማ።

«ስትዋሺ አላመመሽም» አሉ አቶ ተክለጻድቅ።

ወረቀቱ ላይ፣ ከባዶው ቦታ፣ የራሴን ስም፣ «እየሩስ» ብዬ ጻፍኩ። ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ እንደምጽፈው፣ ከሩቅ በሚነበብ ጽሑፍ።

ጥቅምት 27

የመጀመሪያው ዙር። ከጠዋት እስከ ቀትር ከእማማ ጋር በድንበሩ ሄድን። እሳቸው በበትር፣ እኔ በመኮትኮቻ። በካቡ ሥር ሁለት ቡቃያ አገኘን። ሁለቱንም ቀድመው ያዩት እሳቸው ናቸው። «ቅጠሉን እዪ፣ ቀለሙን እዪ፣ ከሥሩ ቆፍሪ» እያሉ ያስተምሩኛል። ተማሪ መሆን እንዲህ ነው ለካ። በመመለሻችን ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ክንዴን ያዙ።

ኅዳር 5

ነገ ጽጌ ይፈታል። ገብሱ እየታጨደ ነው። የእኔ ማሳ ባዶዋን ቀርታለች፤ አመድ ብቻ። ለትዕዛዙ፣ ከጓሳው የምትደርሰን የመጀመሪያዋ እስር ለእማማ ጣራ እንድትሆን ነገርኩት። «አስቀድሜ ወስኛለሁ» አለኝ። ለገና ጾም የገባሁትን ቃል ማንም አላነሣብኝም። እሱ ነው የሚያመኝ። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 18

ጾሙ ከገባ አራተኛ ቀን። ከትምህርት ቤት ስመለስ እማማ አልጣሽ ከደጃፋቸው ጠሩኝ። «ነይ እስቲ» አሉና ወደ በጎቹ ጋጣ ጀርባ ወሰዱኝ። ያንን አመድ ይዘው የሚሄዱበት ቦታ ነው፤ ደርሼበት አላውቅም ነበር።

ከግንቡ ጋር ተጣብቀው አሥራ አንድ ደረቅ አገዳዎች ቆመዋል። ወገቤ እንኳ አይደርሱም። በወዲያ በኩል በጎቹ ስለሚያድሩ ግንቡ ይሞቃል፤ ሥራቸው ዙሪያውን አመድ ተደርጎላቸዋል፤ ላያቸው ላይ ለውርጭ ሌሊት የሚጣል አሮጌ ዝተት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ዘራቸው ተለቅሟል። ለምልክት የተተወች አንዲት ራስ ብቻ ጫፏ ላይ የደረቀ አበባ አላት፤ ከብጫ ወደ ቀይ የዞረ።

ነካኋት። እናቴ ቤት የማውቀው ሽታ ሸተተኝ።

«እማማ፣ ይኼ እኮ…»

እሳቸው አልሰሙኝም፤ ገብተው ነበር። ሲወጡ በሁለት እጃቸው አንድ ኩባያ ይዘዋል። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ተጠልሎ፣ ነጭ ሆኖ። ከአሥራ አንድ አገዳ የተገኘው ይኼው ነው፤ አንድ ኩባያ። «ከእርስዎ ይጀመር» ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለሁለት እንካፈለው» ብላቸውም እምቢ አሉ።

«ዶሮዎቹስ?» አልኩ።

ኩባያውን እጄ ውስጥ አስገቡት።

«ለዶሮ ያስቀመጥኩት ነው» አሉ። «ጠጪ።»